ዶሮዎቼ ክትባት ወስደው ሞቱ፤ ላብራቶሪ «ኒውካስል አለ» ብሏል፤ የክትባቱ ነው ወይስ ፈንግል?

አዘዞ_እርባታ
ማክሰኞ ማታ 2:40

ደህና አመሻችሁ። አዘዞ ነኝ፤ ዶሮ ከያዝኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። 320 ቦቫንስ የሚባሉ የእንቁላል ዶሮዎች ነበሩኝ። ዛሬ ማታ ስቆጥር 231 ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ላሶታ የሚባለውን የፈንግል ክትባት በውሃ ሰጠኋቸው። በ12ኛው ቀን እንቁላል ወረደ። በማግስቱ አረንጓዴ ኩስ አየሁ። ከዚያ አንዷ አንገቷ ተጠማዞ ሰማይ ሰማይ ማየት ጀመረች። ከዚያ በኋላማ ጠዋት በሩን ስከፍት ሥራዬ ሬሳ መልቀም ሆነ።

የሚያክምልኝ ዶክተር አንዷን ከፍቶ አየና «ፈንግል ነው፤ ፈረንጆቹ ኒውካስል የሚሉት» አለኝ። ናሙና ወስዶ በሚያውቀው ሰው በኩል ላብ አስገባልኝ። ፒሲአር የሚሉት፣ የቫይረሱን ዘረመል የሚፈልገው ምርመራ ነው። ውጤቱ ዛሬ መጣ። «የኒውካስል ቫይረስ ተገኝቷል» ይላል። አለቀ፤ ሌላ ምንም የለውም።

ክትባቱን የሸጠኝ ሰውዬ ጋ ደወልኩ። «የተከተበ ዶሮ ሁሉ እንዲህ ነው የሚያሳየው። የተገኘው የክትባቱ ቫይረስ ነው። ዶሮህን የገደለው ሌላ ነገር ነው» አለኝ። ዶክተሩ ደግሞ «ተወው ባክህ» ይላል። ማንን ልመን? አንድ ቫይረስ ክፉ ይሁን ለዘብተኛ የሚለይበት መንገድ የለም ወይ?


ቅዳሜ_ገበያ
ማክሰኞ ማታ 2:55

እግዜር ይተካ። ግን ወንድሜ፣ ቅዳሜ ሳያልፍ የቀሩትን አውጣቸው። እኔ አምና እንዲያ ነው ያደረግኩት። የቆመች ዶሮ ብር ናት፣ የወደቀች ወጪ ናት።


ማክሰኝት_ልጅ
ማክሰኞ ማታ 3:02

«አምና እንዲያ ነው ያደረግኩት» ስትል አፍህ አልተያዘም? አምና የእኛ ሰፈር ዶሮ ያለቀው ከገበያ በመጣ አንድ አውራ ዶሮ ነው። ለፋሲካ ተብሎ ተገዛ። ሦስት ቀን ታስሮ ዋለ። ሳይታረድ ሞተ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ጎረቤቱ ሁሉ ዶሮ አልባ ሆነ። አንተ ትሆን እንዴ የሸጥክልን?


ቅዳሜ_ገበያ
ማክሰኞ ማታ 3:05

ኧረ በማርያም እኔ ማክሰኝት ሸጬ አላውቅም።


ነጭ_ጋዋን
ማክሰኞ ማታ 4:10

አዘዞ፣ በርታ። እኔ የእንስሳት ላብ ውስጥ ጥቂት ዓመት ሠርቻለሁ፤ አሁን ሌላ ሥራ ላይ ነኝ። የጠየቅከው ጥያቄ ግን ብዙ ሰው ሳይጠይቀው የሚያልፈው ነው።

ነጋዴው ያለው ነገር ግማሹ እውነት ነው። ላሶታ የሞተ ክትባት አይደለም፤ ሕያው የኒውካስል ቫይረስ ነው። በነገራችን ላይ ስሙ የመድኃኒት ስም አይደለም። ቫይረሱ በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ኒው ጀርሲ ውስጥ ከአንድ ዶሮ እርባታ ነው የተገኘው፤ ላሶታ የባለቤቱ ስም ነው። እና ፒሲአሩ ማንኛውንም የኒውካስል ቫይረስ የሚያነሳው ዓይነት ከሆነ፣ የክትባቱንም የፈንግሉንም ሳይለይ «አለ» ብሎ ይጽፋል። ከክትባት በኋላ ደግሞ የክትባቱ ቫይረስ ጉሮሮ ላይ ለተወሰነ ጊዜ ይቆያል።

ሌላው ግማሽ ግን ውሸት ነው። ላሶታ ሲከፋ ያስነጥሳል፣ ትንሽ ያንኮራፋል። ያውም ክትባቱ በተሰጠ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። 89 ትልልቅ ዶሮ አይገድልም። አንገት አይጠመዝዝም።

ያ ወረቀት የነገረህ የቫይረሱን ስም ነው። ጠባዩን አልነገረህም። ጠባዩ ለብቻው ይለካል። በሦስት ይከፈላል፤ በጣም ገዳዩ፣ መካከለኛው እና ለዘብተኛው። ላቦች ቬሎጀኒክ፣ ሜሶጀኒክ፣ ሌንቶጀኒክ ይሉታል። ላሶታ ከለዘብተኞቹ ነው።

አንዱ መለኪያ እንቁላል ነው። ከ9 እስከ 10 ቀን ፅንስ የያዘ እንቁላል ውስጥ ቫይረሱን ያስገባሉ፤ ፅንሱ ስንት ሰዓት እንደቆየ ይቆጥራሉ። አማካዩ ከ60 ሰዓት በታች ከሆነ ገዳይ፣ ከ60 እስከ 90 መካከለኛ፣ ከ90 በላይ ለዘብተኛ ነው። ርካሽ ነው፤ ግን አንዳንዴ ያሳስታል።

ዓለም የሚዳኝበት ግን ጫጩት ነው። ከተወሰኑ የታወቁ የዶሮ በሽታዎች ነፃ መሆኑ ከተረጋገጠ መንጋ የተፈለፈሉ 10 ጫጩቶች ይወሰዳሉ። ዕድሜያቸው ከ24 እስከ 40 ሰዓት ብቻ። ቫይረሱ በቀጥታ አንጎላቸው ውስጥ በመርፌ ይሰጣል። ከዚያ ለ8 ቀን በየ24 ሰዓቱ እየሄዱ ነጥብ ይጽፉላቸዋል። ጤነኛ ጫጩት 0፣ የታመመ 1፣ የሞተ 2። በመጨረሻ ነጥቡ ተደምሮ ለቆጠራው ብዛት ይካፈላል። ከፍተኛው ውጤት 2.0 ነው። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት መስመሩን 0.7 ላይ አስምሯል። 0.7 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ቫይረስ ዶሮ እርባታ ውስጥ ከተገኘ አገር ለድርጅቱ ማሳወቅ አለባት።

ስልኬ ባትሪ ጨርሷል፤ ነገ እቀጥላለሁ።


አዘዞ_እርባታ
ረቡዕ ጠዋት 12:50

ዛሬ 11 አነሳሁ። 220 ቀሩ።

ነጭ ጋዋን፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ሒሳቡን ሠራሁት። 10 ጫጩት በ8 ቀን 80 ቆጠራ ነው። አሥሩም በ2ኛው ቀን ቢሞቱ 10 ጊዜ 2፣ 20። 20 ለ80 ሲካፈል 0.25። ሁሉም አልቀው 0.25 ከሆነ 0.7 ማን ይደርሳል? ወይ እኔ አልገባኝም፣ ወይ መስመሩ የተሰመረው ሰው እንዳይያዝ ነው።


ነጭ_ጋዋን
ረቡዕ ጠዋት 2:15

ሃሃ፣ አይ! ስህተትህ ጥሩ ስህተት ነው። እኔም ተማሪ ሳለሁ እዚህ ላይ ተያዝኩ።

የሞተ ጫጩት ከቆጠራ አይወጣም። በየቀኑ እንደገና 2 ይጻፍለታል፣ እስከ 8ኛው ቀን። ያንተን ምሳሌ ልድገመው። በ1ኛው ቀን አሥሩም ታመዋል እንበል፤ 10 ነጥብ። በ2ኛው ቀን አሥሩም ሞተዋል፤ ከዚያ ጀምሮ ለ7 ቀን በየቀኑ 20 ነጥብ፤ 140። ድምሩ 150። ለ80 ሲካፈል 1.875። ይሄ ክፉ የሚባለው ነው፤ ጣሪያውን ሊነካ ትንሽ ነው የቀረው።

0.7 ለመድረስ ደግሞ ከ160 ነጥብ 56 ማምጣት በቂ ነው። ሙት እየደጋገሙ የሚቆጥሩት ፍጥነትም ስለሚለካ ነው። በ2ኛው ቀን የሞተ ጫጩት ብቻውን 14 ነጥብ ያመጣል። በ8ኛው ቀን የሞተ በሞቱ የሚያመጣው 2 ብቻ ነው። ሁለቱም ሞተዋል፤ ቫይረሶቹ ግን እኩል አይደሉም። አንዱ ሮጦ ገደለ፣ ሌላው እየጎተተ።

ለዘብተኛው ምን እንደሚመስልም ልጻፍልህ። ዘጠኙ ጫጩት እንዳሉ ናቸው። አንዱ ከ6ኛው ቀን ጀምሮ ኩርምት አለ። 3 ነጥብ። 3 ለ80፣ 0.04 አይሞላም።


እማማ_ጓዳ
ረቡዕ ጠዋት 3:30

ልጆቼ፣ የእናንተን ወሬ ልጄ አነበበችልኝና ሆዴ ተላወሰ። የአንድ ቀን ጫጩት አንጎል መርፌ መውጋት ምን የሚሉት ምርመራ ነው? ፈንግል መሆኑን ለማወቅ ጫጩት መግደል ያስፈልጋል እንዴ? እኛ ድሮ ያለ መርፌ ነበር የምናውቀው። ፈንግል የተባለው ስለሚፈነግል ነው። ማታ ቆጥ ላይ የወጣች ዶሮ ጠዋት ወድቃ ከተገኘች፣ ፈነገላት እንላለን። ስሙ ራሱ ምርመራ ነው።


ነጭ_ጋዋን
ረቡዕ ጠዋት 4:05

እማማ፣ ይሄን ያሉት ብዙ ሳይንቲስት ያለው ነው። እኔም የመጀመሪያ ቀን እጄ ተንቀጥቅጧል፤ አልዋሽዎትም። ምርመራው አሁን እየቀነሰ ነው፤ ለያንዳንዱ የሞተ ዶሮ አይሠራም፤ የሚሠራበትም ቦታ ጥብቅ ጥበቃ ያለው ላብ ብቻ ነው።

አንጎል የሆነበት ምክንያት አለው። ቫይረሱን በዓይን ጠብታ ብንሰጥ አንዱ ጫጩት ይይዘዋል፣ ሌላው ያስነጥሰዋል። አንዱ ብዙ ይወስዳል፣ ሌላው ጥቂት። አንጎል ውስጥ ሲገባ ዕድል የሚባል ነገር ይጠፋል። ሁሉም እኩል ይጀምራሉ። ከበሽታ ነፃ ከሆነ መንጋ የሚመጡትም ለዚያ ነው፤ እናታቸው የተከተበች ከሆነች በእንቁላሉ አስኳል በኩል መከላከያ ትሰጣቸዋለች፣ ቁጥሩም ይዋሻል።

የፈንግልን ስም የነገሩኝ ግን ደስ አለኝ። እኔ ስንት ዓመት ሳጠና አንድ ቀን «ፈነገለ» ከሚለው ጋር አላገናኘሁትም። በሌላው ዓለም ስሙ የእንግሊዝ ከተማ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1926 አካባቢ ኒውካስል ላይ ታየና በዚያው ቀረ። በዚያው ጊዜ ኢንዶኔዥያ ጃቫ ላይም ታይቷል።


ጂን_ንባብ
ረቡዕ ቀን 7:20

ልግባ። እኔ ማራኪ ግቢ አካባቢ ተከራይቼ የምኖር የማስተርስ ተማሪ ነኝ። የእማማን ጥያቄ የሚመልስ ነገር አለ። ጫጩት ሳይሞት የሚለይበት መንገድ አለ፤ የቫይረሱን ጂን ማንበብ።

በቀላሉ ልሞክር። ቫይረሱ ሴል ውስጥ የሚገባው ኤፍ በሚባል ፕሮቲን ነው። ይሄ ፕሮቲን ግን ቆርኪው እንዳልተከፈተ የዳሽን ጠርሙስ ነው። መክፈቻ ካላገኘ ከውስጡ ምንም አይወጣም። መክፈቻው የዶሮዋ የራሷ ኢንዛይም ነው። የለዘብተኛው ቫይረስ ቆርኪ የሚከፈተው በልዩ መክፈቻ ብቻ ነው፤ ያ መክፈቻ ያለው መተንፈሻ ቱቦና አንጀት አካባቢ ነው። ስለዚህ እዚያው ትንሽ ያስነጥስና ይቀራል። የገዳዩ ቆርኪ ግን በጥርስም በማንኪያም በበር ጠርዝም ይከፈታል። ፉሪን የሚባለው ኢንዛይም ሁሉም ሴል ውስጥ አለ። ቫይረሱ የፈለገበት ይከፈታል፤ አንጎል፣ ጉበት፣ ጣፊያ።

ቆርኪው ላይ ያለው ልዩነት ደግሞ የጥቂት አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን የሚገነባባቸው ጡቦች) ጉዳይ ነው። ከ113 እስከ 116 ባሉት ቦታዎች ላይ ቢያንስ ሦስት አርጂኒን ወይም ላይሲን ካሉ፣ 117 ላይ ደግሞ ፌኒልአላኒን ካለ፣ ገዳይ ነው። ላሶታ እዚያ ቦታ ላይ ሁለት አርጂኒን ብቻ ነው ያለው፤ 117 ላይ ሉሲን ነው። እና ጋሼ አዘዞ፣ ላቡን መጠየቅ ያለብዎት «አለ ወይስ የለም» አይደለም። «የኤፍ ጂኑ ተነቦልኛል ወይ?» ነው። ጂኑ ገዳይ ነው ካለ ይሄ ብቻውን በዓለም ደረጃ ይበቃል፤ ጫጩት አያስፈልግም።


ነጭ_ጋዋን
ረቡዕ ቀን 7:45

ልክ ነው፣ ግን የመጨረሻዋን ላሟላት። ጂኑ ገዳይ ካለ በቃ። ጂኑ ገዳይ አይደለም ካለ ግን በቃ አይባልም፤ ያኔ ነው ጫጩቱ የሚመጣው። ጂኑ ሲያመለክት ጫጩቱ የማይስማማበትም ጊዜ አለ። የርግብ ዓይነት የሚባለው የዚሁ ቫይረስ ዘመድ አለ። ጂኑ ሲነበብ ገዳይ ይመስላል፤ ጫጩት ላይ ግን አንዳንዱ ዝቅ ያለ ቁጥር ያመጣል። ዶሮ ውስጥ ደጋግሞ ሲያልፍ ግን ሊከፋ ይችላል። የቤተ ክርስቲያን ርግብ የዶሮ መኖ የሚጋራባችሁ ካላችሁ አስቡበት።


ማክሰኝት_ልጅ
ረቡዕ ማታ 1:10

አንድ ነገር ልጠይቅ። የሀበሻ ዶሮ ይሄን ነገር ይቋቋማል ይባላል። አያቴ ቤት አምና ከ14 ዶሮ ሁለቱ ተርፈዋል፤ ሁለቱም የሀበሻ ናቸው። ጫጩቶቹ የሀበሻ ቢሆኑ ቁጥሩ ይቀንስ ነበር?


ነጭ_ጋዋን
ረቡዕ ማታ 1:40

የሞቱት አሥራ ሁለቱስ የማን ነበሩ? :)


ማክሰኝት_ልጅ
ረቡዕ ማታ 1:42

... የሀበሻ።


የቆላድባ_ሐኪም
ረቡዕ ማታ 2:30

ሳቅ ገደለኝ። እኔ ሜዳ ላይ የምሠራ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ ሳይንሱን ከላይ ያሉት ነግረዋችኋል፣ እኔ የግቢውን ልንገራችሁ።

ያ ቁጥር የሚለካው ቫይረሱን ነው፤ የእናንተን ግቢ አይደለም። 1.8 ያለው ቫይረስ በደንብ የተከተበ መንጋ ውስጥ ገብቶ አንድም ሳይገድል ሊያልፍ ይችላል። ያንኑ ቫይረስ ያልተከተበ መንጋ ውስጥ አስገቡት፣ መንጋውን ሊጨርሰው ይችላል። ደግሞ የተከተበ ዶሮ አልታመመም ማለት ቫይረስ አልያዘም ማለት አይደለም። ክትባት ከበሽታው ያድናል እንጂ ቫይረሱን ከማስወጣት ሙሉ በሙሉ አይከለክልም። ቆንጆ ሆና የቆመች ዶሮ በኩሷ ልትረጨው ትችላለች። ቅዳሜ ገበያ፣ ይሄን ለአንተ ነው የጻፍኩት።

ስለዚህ አዘዞ፣ የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ክትባቱ ለምን አልያዘም? እንዲህ ያለ ሲገጥመኝ ሦስት ነገር ነው የምጠይቀው። ክትባቱ ከሱቅ እስከ ቤትህ በምን መጣ? ውሃው ከየት ነው? ስንት ሰዓት ውስጥ ጠጥተው ጨረሱት?

በነገራችን ላይ ስትከትባቸው በሽታው ቀድሞ ይዟቸው ከነበረም ክትባት አያድናቸውም። የፈንግል መታያ ጊዜ ብዙውን ጊዜ 5 ወይም 6 ቀን ነው፤ ግን ከ2 እስከ 15 ቀን ሊሄድ ይችላል። የአንተ በ12ኛው ቀን ስለጀመረ ሁለቱም ይቻላል።


አዘዞ_እርባታ
ረቡዕ ማታ 3:50

197 ናቸው።

ዶክተር፣ እውነቱን ልናገር። ክትባቱን ከፒያሳ ገዛሁ። በረዶ የለኝም። ጃኬቴ ኪስ ከትቼ ባጃጅ ያዝኩ። መንገድ ላይ ለአንድ ጉዳይ ወረድኩ፤ ሁለት ሰዓት ገደማ ቆየሁ። ፀሐዩ ኃይለኛ ነበር።

ውሃው ደግሞ ይባስ። ጎንደር ያላችሁ ታውቃላችሁ፣ የእኛ ሰፈር ውሃ ሲመጣ በዓል ነው። የዚያን ቀን መጣ። ደስ ብሎን ሮቶውን ሞላን፣ ከዚያው ላይ ቀድቼ ክትባቱን በጠበጥኩ። ውሃው በረኪና በረኪና ይሸት ነበር። ያኔ «ንፁህ ውሃ ነው» ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ስንት ሰዓት ጠጥተው ጨረሱት ላልከው፣ አላውቅም። አስቀምጬላቸው ወጣሁ። ማታ ስመለስ ግማሹ አለ።


የቆላድባ_ሐኪም
ረቡዕ ማታ 4:15

እሺ። አልወቅስህም። ይሄን የሚያደርግ አንተ ብቻ አይደለህም፤ ሁላችሁም ታደርጉታላችሁ፣ የሚናገረው ግን አንድ ነው።

ላሶታ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚቀመጠው። ኪስ ውስጥ ሁለት ሰዓት ከዋለ ሕያውነቱ ይወርዳል። የቀረውን ክሎሪኑ ጨረሰው። ክሎሪን የሚጨመረው ተህዋስ ሊገድል ነው፤ ክትባቱም ተህዋስ ነው። ለሚቀጥለው፣ ክሎሪን ያለበት ውሃ ከሆነ ቅቤው የወጣለት የወተት ዱቄት በሊትር 2.5 ግራም ገደማ ጨምረህ ግማሽ ሰዓት አቆየው፤ ከዚያ ክትባቱን። ዶሮዎቹን ቀድመህ አንድ ሁለት ሰዓት አስጠማቸው። ያቀረብከው በሁለት ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት።

ማቀዝቀዣ ለሌለው ደግሞ አይ ቱ የሚባለው አለ። ሙቀትን ከላሶታ ይበልጥ ይችላል፤ አውስትራሊያ ውስጥ ለመንደር ዶሮ ተብሎ ነው የተሠራው። ቢሾፍቱ ያለው የክትባት ማምረቻም ያመርተዋል። በዓይን ጠብታ ትሰጣለህ፣ በየሦስት አራት ወሩ ትደግማለህ። ይቋቋማል ሲባል ግን ጃኬት ኪስ ውስጥ ይኖራል ማለት አይደለም፤ በጥላ ቢቀመጥም የሚቆየው ሳምንታት ነው እንጂ ወራት አይደለም።

የሞቱትን ቅበር፤ ኖራ አድርግበት። ወንዝ አትጣል። ኩስና ገለባ ለማንም አትስጥ። ለአካባቢህ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ተናገር። የሞተ ዶሮ የሚነካ ሰው እጁን ይታጠብ።


አዘዞ_እርባታ
ረቡዕ ማታ 4:20

ዓይኔ ከቀላ ሁለት ቀኑ ነው። ከዚህ ጋር ይገናኛል?


የቆላድባ_ሐኪም
ረቡዕ ማታ 4:22

ሊገናኝ ይችላል። ፈንግል ሰው ላይ የሚያመጣው ይሄንኑ ነው፤ ዓይን ያቀላል፣ ብዙ ጊዜ ቀላል ሆኖ በራሱ ያልፋል። ግን ጤና ጣቢያ ሂድና አሳይ፤ ዶሮ እንደያዝክ ንገራቸው። በቆሸሸ እጅ አትሸው።


እማማ_ጓዳ
ሐሙስ ጠዋት 2:00

የኔ ልጅ፣ ዓይንህን ተጠንቀቅ። ዶሮ ይመጣል።


ጂን_ንባብ
ሐሙስ ቀን 8:10

ጋሼ አዘዞ፣ ናሙናው ይቀመጥልዎት ዘንድ ለዶክተርዎ አሁኑኑ ደውሉለት። አዲስ የሞተችም ካለች ከአንጎል፣ ከጣፊያና ከሳንባ ቁራጭ፣ በሕይወት ካሉት ደግሞ ከጉሮሮና ከመውጫ በጥጥ የተወሰደ ናሙና በበረዶ ሳጥን ይላክ። ሰበታ ላለው ብሔራዊ ላብ የሚልክ ከሆነ ክትባቱ የተሰጠበትን ቀንና የክትባቱን ዓይነት ወረቀቱ ላይ ይጻፍ። ይሄ ካልተጻፈ እዚያ ያለው ሰው አሁን እኛ የምንጨቃጨቅበትን እንደ አዲስ ይጀምረዋል።


ቅዳሜ_ገበያ
ሐሙስ ማታ 1:30

እኔ ሳነብ ነው የዋልኩት። አንድ ነገር ልበል። አምና የሸጥኳቸው 26 ነበሩ። የሚያስነጥሱ አልነበሩም፣ በልተው የሚያድሩ ነበሩ። ለዚያ ነው የሸጥኩት። ጥሩ ዶሮ ናቸው ብዬ ነው እንጂ ሰው ልጎዳ ብዬ አይደለም።


ማክሰኝት_ልጅ
ሐሙስ ማታ 1:50

እሺ ወንድሜ። አውራ ዶሮውም በልቶ ያድር ነበር።


አዘዞ_እርባታ
ከ24 ቀን በኋላ፣ እሑድ ጠዋት 3:15

ደህና ናችሁ ወይ? ጠፋሁ። ዓይኔ ድኗል።

መንጋው 61 ላይ ቆመ። ከዚያ በታች አልወረደም።

የጂኑ ንባብ መጣ። ዶክተሩ ስልክ ላይ እያነበበ ጻፍኩት፤ ከ112 ጀምሮ አርጂኒን፣ አርጂኒን፣ ግሉታሚን፣ ላይሲን፣ አርጂኒን፣ ፌኒልአላኒን። ተማሪው ልጄ፣ አንተ ባልከው መሠረት ከ113 እስከ 116 ስቆጥር ሦስት አገኘሁ። 117 ላይም ፌኒል ነው። ትክክል ነኝ?


ጂን_ንባብ
እሑድ ጠዋት 3:40

ትክክል ነዎት ጋሼ። ይሄ ላሶታ አይደለም፤ በምንም መንገድ አይሆንም። የዱር ፈንግል ነው። ጫጩት አያስፈልገውም።


ነጭ_ጋዋን
እሑድ ጠዋት 4:30

በጫጩት ቢለካም ከ0.7 በላይ ሳይሆን አይቀርም። ነጋዴው ምን አለ?


አዘዞ_እርባታ
እሑድ ጠዋት 4:50

ደወልኩለት፤ አነበብኩለት። ዝም አለ። ከዚያ «ታዲያ ክትባቱ አልገደላቸውም ማለት ነዋ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ አልገደላቸውም። አላዳናቸውም እንጂ። ለምን እንዳላዳናቸው ደግሞ እኔው ከላይ ጽፌዋለሁ፤ መሰረዝ ፈልጌ ነበር፣ ተውኩት።


የቆላድባ_ሐኪም
እሑድ ቀን 6:00

አትሰርዘው። የተረፉት 61 ከአዲስ ጫጩት ጋር አይቀላቀሉ። እነሱ ሳይወጡ፣ ቤቱ ሳይታጠብና ሳይረጭ አዲስ አታስገባ። ታጥቦ ከተረጨ በኋላም ቢያንስ 21 ቀን ባዶ አቆየው። እንቁላላቸው እንዴት ነው?


አዘዞ_እርባታ
እሑድ ቀን 6:20

ይጥላሉ። ግን ቅርፊቱ ስስ ነው፤ አንዳንዱ ጠማማ፣ አንዳንዱ ሻካራ። እኛው ቤት ነው የምንበላው፣ በደንብ ቀቅለን።

ኖራ አዘዞ አካባቢ በርካሽ የሚሸጥ የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ። ቤቱ 6 ሜትር በ8 ሜትር ነው።


ቅዳሜ_ገበያ
እሑድ ቀን 7:05

ኖራ እኔ አመጣልሃለሁ፣ በገዛሁበት። ያቺ ሰማይ ሰማይ የምታየውስ? ሞተች?


አዘዞ_እርባታ
እሑድ ቀን 7:10

አለች። አንገቷ እንደተጠማዘዘ ነው። ጥሬ ስትለቅም ሁለቴ ትስታለች፣ በሦስተኛው ታገኛለች።